ባልና ሚስት በበዓል ቀን፤ ስለ ደብረ ታቦር ቡሄ፣ ስለ ጠላና ስለ አዝማሪ

በአገራችን በዓል ማክበር የታወቀ ነው፤ ባልና ሚስት በአንድነት በዓል ማክበር ግን እንደሚነገርለት የተለመደ አይደለም። ቤቱ አንድ፣ ማዕዱ አንድ፣ ጋኑም አንድ ሲሆን በዓሉ ለሁለት ይከፈላል። ጌታው ከእንግዶቹ ጋራ ተቀምጦ አዝማሪውን ያዳምጣል፤ እመቤቲቱ በጓዳና በማድ ቤት መካከል ስትመላለስ የማሲንቆውን ድምፅ በግድግዳ በኩል ትሰማለች። አንዲት በዕድሜ የገፉ የበጌምድር ባልቴት፣ በትዳር በኖሩበት ዘመን ሁሉ ቤታቸው አዝማሪ ያልገባበት ዓመት እንደሌለ፣ ነገር ግን የአንዱንም አዝማሪ ፊት አይተው እንደማያውቁ ነግረውናል። ይህንንም የነገሩን እንደ ቅሬታ ሳይሆን እንደ ተራ ነገር ነው፤ ለእኛ ግን ከባድ ሆኖ ተሰማን።

ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ባልና ሚስት በአገር ዜማ፣ በአገር ምግብና መጠጥ በአንድነት ደስ የሚሰኙበትን መንገድ ለመመልከት አሰብን። ለምሳሌ የመረጥነው የደብረ ታቦርንና የዙሪያዋን ደጋ ነው። ምክንያቱም ስሟን ከበዓሉ ጋራ የምትጋራ ከተማ ስለ ሆነች፣ አገሩም የገብስ፣ የማርና የዜማ አገር ስለ ሆነ ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ዳር ወደ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጉና ተራራ አጠገብ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ብርዱ እስከ ከተማዪቱ ይወርዳል። ከተማዪቱን የቈረቈሩት የየጁው ራስ ጉግሣ መርሳ ሲሆኑ፣ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። ከዚያም በኋላ የራስ ዓሊ፣ ቀጥሎም የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ ሆነች። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራበት ጋፋት ከከተማዪቱ አጠገብ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማዪቱን አቃጥለዋት ሄዱ፤ ዐፄ ዮሐንስ ግን ደግሞ ተቀምጠውባታል።

ስለ ባልና ሚስት በምንናገርበት ጊዜ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የምናስታውሰው ራስ ጉግሣ ወሌን ነው። ራስ ጉግሣ የንግሥት ዘውዲቱ ባለቤት ነበሩ። ንግሥቲቱ በ1909 ዓ.ም. ዙፋን በያዙ ጊዜ መኳንንቱ ሁለቱን ለዩአቸው፤ እርሳቸውም የበጌምድርን ግዛት ተቀብለው መቀመጫቸውን በደብረ ታቦር አደረጉ። ንግሥቲቱ በአዲስ አበባ ግብር ሲያበሉ፣ ራሱ ደግሞ በበጌምድር ግብር ሲያበሉ፣ ሁለቱ በአንድ ማዕድ ሳይቀመጡ ዓመታት አለፉ። ራስ ጉግሣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ሞቱ፤ ንግሥቲቱም በሁለተኛው ቀን መጋቢት 24 አረፉ። እነዚህን የለያቸው የመንግሥት ጉዳይ ነው። እኛን በበዓል ቀን ከሚስቶቻችን የሚለየን የመንግሥት ጉዳይ አይደለም፤ የጓዳ በር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቡሄ እንመለስ። የደብረ ታቦር በዓል በነሐሴ 13 ቀን የሚውል ሲሆን፣ ጌታችን በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት መታሰቢያ ነው። ዋዜማው ነሐሴ 12 ማታ ችቦ ይበራል። ልጆች ሙልሙል ሊቀበሉ ከደጅ ወደ ደጅ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ አንዱ ያወጣል፣ የቀሩት በዱላቸው መሬቱን እየደበደቡ ይቀበላሉ። ከዋዜማው አስቀድሞ ደግሞ በየመስኩ ጅራፍ ይጮኻል። የጅራፉ ድምፅ በተራራው ላይ ለተሰማው ለአብ ድምፅ፣ ችቦው ለብርሃኑ፣ ሙልሙሉም በሌሊት ከመንጋቸው ጋራ ለቀሩት እረኞች ወላጆቻቸው ለወሰዱላቸው እንጀራ መታሰቢያ ነው ተብሎ ይተረጐማል። ሕዝቡም ቡሄ ካለፈ ክረምቱን እንዳለፈ ይቈጥረዋል፤ ምንም እንኳ የጉና ዝናም ይህን ቃል ሁልጊዜ ባያከብረው።

በዚህ በዓል ባልና ሚስት በአንድነት የሚቆሙበት ቦታ አለ፤ ይኸውም ደጃፉ ነው። ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች ሲመጡ የቤቱን ጌታ ብቻ አያወድሱም፤ እመቤቲቱንም ያነሣሉ፣ ቤቱንም በመጨረሻ ይመርቃሉ። ስለዚህ አባ ወራው ከውስጥ ሆኖ በአሽከር እጅ ዳቦ ከሚያስወጣ ይልቅ፣ ከባለቤቱ ጋራ ደጃፍ ወጥቶ ዜማውን እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ ሙልሙሉን በሁለት እጅ ቢሰጥ ምን ይጐድለዋል? የክርስትና ልጅ ያለው ሰው ደግሞ ለልጁ የተለየ ሙልሙል ማዘጋጀት የቆየ ልማድ ነው፤ ይህም ለባልና ሚስቱ በእግር ተጉዘው ዘመድ የሚጠይቁበት መልካም ምክንያት ይሆናል።

አንድ ነገር ለሩቅ አገር ሰው እናስታውቃለን። ቡሄ የሚውለው በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ስለ ሆነ ሥጋና ቅቤ፣ ዶሮና ወተት በማዕዱ ላይ አይገኝም። ሽሮው፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ ስልጆው፣ ጐመኑና ድንቹ ከትኩስ ዳቦ ጋራ ይቀርባል። እኛ እንደምናየው ይህ ጕድለት አይደለም፤ በፍስክ በዓል በዶሮው 12 ብልት የሚጨነቀው የእመቤቲቱ ልብ በዚህ ቀን ጥቂት ያርፋል። ዶሮው ለነሐሴ 16፣ ጾሙ ለሚፈታበት ቀን፣ ይቈያል።

ዳሩ ግን እውነተኛው ድካም ከወጡ ላይ ሳይሆን ከጠላው ላይ ነው። ዋንጫውን ሲያነሣ ይህን የሚያስብ ጌታ ጥቂት ስለ ሆነ በዝርዝር እንጽፈዋለን። መጀመሪያ ገብሱ በውኃ ርሶ፣ በቅጠል ተሸፍኖ እስኪበቅል ይጠበቃል፤ ከበቀለ በኋላ በፀሐይ ደርቆ ተፈጭቶ ብቅል ይሆናል። ቡሄ በክረምት ስለሚውል ፀሐዩ አይታመንም፤ ብልህ ሴት ብቅሏን ዝናሙ ሳይጠና ታደርቃለች። ቀጥሎ ጋኑና እንስራው በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፣ በወይራ ጢስም ይታጠናል። የጌሾው ቅጠል ተወቅጦ በውኃ ይጠነሰሳል። ከዚያ በኋላ እህሉ ተቈልቶ አሻሮ ይሆናል፣ አሻሮው ተፈጭቶ በምጣድ ላይ እየታመሰ እንኩሮ ይሆናል። እንኩሮው ከብቅሉና ከጥንስሱ ጋራ ተዋሕዶ ድፍድፍ ይባላል። በመጨረሻ ውኃ ተሞልቶበት የጋኑ አፍ ተመርጎ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ያውም ውኃውና እንጨቱ ከተገኘ ነው። በፎገራ ሜዳ ደግሞ ሩዝ መዘራት ከጀመረ ወዲህ ሩዙ ከእንጀራው ገብቶ ከጠላውም ደርሷል። የጉና ገብስ ጠላ የለመደ ሰው የፎገራውን ቢነቅፍ አይፈረድበትም፤ ሆኖም ሳይቀምስ የሚነቅፈውን አንቀበለውም።

ጠጁ ከዚህ ይቀላል። ማርና ውኃ ተበጥብጦ ጌሾ ይገባበታል፤ የማሩ ጥራት ከሁሉ ይበልጣል። በቀድሞው ዘመን ጠጅ የመኳንንት መጠጥ ሲሆን ጠላው የሁሉ ነበር። ስለዚህም ይመስለናል የጠጅ ጣይ ሙያው ሲነገርለት የጠላ ጠማቂዪቱ ስም የማይነሣው። ማን እንደ ጠመቀው በማዕዱ ላይ የሚጠይቅ እንግዳ ብናገኝ ከቅኔ ተቀኚ ይልቅ እናከብረዋለን።

እነሆ ስለ አዝማሪ። ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ አለው፤ እርሱም የፈረስ ጭራ ነው። አራት ማዕዘን ገላው በቆዳ ተለብጦ፣ እንደ ደጋን በጐበጠ መምቻ ይገዘገዛል። ከዚህ ከአንዱ አውታር ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት አራቱ ቅኝቶች ይወጣሉ። በጐንደርና በበጌምድር አዝማሪነት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሙያ ነው። ብዙ ጊዜም ባልና ሚስት ናቸው፤ እርሱ ማሲንቆውን ይመታል፣ እርስዋ ትዘፍናለች፣ እስክስታውንም ትመታለች። እንግዲህ ነገሩን ስናስተውለው የሚያስገርም ነው። በአዳራሹ መካከል ባልና ሚስት ሆነው አብረው የሚሠሩትና አብረው የሚስቁት አዝማሪዎቹ ብቻ ናቸው፤ ሊሰሙአቸው የተቀመጡት ጌቶች ግን ሚስቶቻቸውን በጓዳ አስቀርተዋል።

አዝማሪን በአንድነት መስማት የሚወድ ባለ ትዳር ሥርዐቱን ሊያውቅ ይገባዋል። አዝማሪው ከሚያውቀው ሌላ ከእንግዳው አፍ ግጥም ይቀበላል፤ እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ስንኙን ይሰጠዋል፣ እርሱም ወዲያው በዜማ ይመልሰዋል። ለወትሮው ተቀበል የሚለው ወንዱ ነው። ነገር ግን ሴት ተቀበል እንዳትል የሚከለክል ሕግ በፍትሐ ነገሥትም ሆነ ዛሬ በምንጽፈው መዝገብ አላገኘንም። ከሚስት አፍ የወጣ ስንኝ በባል ጆሮ ሲደርስ፣ በቤት ሊነገር የማይመቸው ነገር በሰምና ወርቅ ተሸፍኖ ያልፋል፤ ባልየውም በሰው ፊት ስለ ሆነ ስቆ ይቀበለዋል። ስለ ጓዳው ድካምም ቢሆን በዚህ መንገድ የተነገረ አቤቱታ ካልተነገረው ይሻላል። ሽልማቱን ግን አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። በአዝማሪው ግንባር ላይ ብር መለጠፍ ደስ ያሰኛል፤ ምስጋናው በጨመረ ቍጥር እጁም ይጨምራልና፣ የበዓሉ ማግስት የወር ቀለቡ በአዝማሪው ግንባር እንደ ቀረ የሚያይ ቤት አለ።

እኛ በሥራችን የሰዎችን ክርክር የምንጽፍ ነንና በዚህ ነገር ጥቂት እንድንናገር ይፈቀድልን። ባልና ሚስት ከሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ የጠቡ መነሻ ሆኖ የሚጠራው ብዙ ጊዜ መጠጡ ነው። ቃላቸውን በጥንቃቄ ስንጽፈው ግን ከመጠጡ በፊት ሌላ ነገር እናገኛለን፤ ሴቲቱ የደከመችበትን በዓል ሳታየው ማለፉ፣ ወጪውንም ሳትጠየቅ መደረጉ ነው። ሁለቱ አብረው በተቀመጡበት ማዕድ ዋንጫው ሲበዛ አንዱ ሌላውን በዐይኑ ይገሥጸዋል። በተለያየ ቤት ሲጠጣ ግን የሚገሥጽ የለም፤ ጠላ ጉሹም ቢሆን ቅራሪው ራስ ያዞራል፣ አረቄውንማ አናንሣው።

በዚያው በደቡብ ጐንደር፣ በፎገራ ወረዳ፣ አውራ አምባ የተባለ መንደር አለ። ዙምራ ኑሩ የተባሉ የአገሩ ሰው በ1964 ዓ.ም. ከተከታዮቻቸው ጋራ የመሠረቱት ነው። በዚያ ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴቲቱ ታርሳለች፤ የወንድና የሴት ተብሎ የተለየ ሥራ የለም። የሃይማኖት በዓል ግን አያከብሩም፤ ጊዜአቸውን ለሥራ ያውሉታል። ወዳጆቻችን ይህን ሲሰሙ ሥራውን ለመካፈል በዓሉን መተው ያስፈልጋል ማለት ነውን ብለው ይጠይቁናል። እኛ አይመስለንም። በዓሉንም ይዘን ውኃውን መቅዳት፣ እንጨቱን መፍለጥ፣ ጋኑን ማንሣት የወንድ እጅ የማይችለው ሥራ አይደለም። መኰንንነትም ቢሆን ጋን በማንሣት አይቀነስም። ለድግስ ብዛት እንደ ምሳሌ የሚነሣው በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ሲመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያሰናዱት ግብር ነው፤ እርሱንም ቢሆን ያሰናዱት በብዙ ሰው እጅ እንጂ ብቻቸውን አልነበረም።

በገዛ ቤት መደገስ ለማይቻለው ወይም ለማይወደው ደግሞ በእንግድነት መሄድ አለ፤ በእውነቱ ለባልና ሚስት የሚሻለው ይኸው ነው፤ በሰው ቤት ሁለቱም ተቀማጭ ናቸውና። ለዚህ የተመቸው ወር ጥር ነው። መከሩ ገብቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ሠርጉም ይበዛል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በደብረ ታቦር ግን ጥር 25 ቀን የቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል ከጥምቀቱ ባላነሰ ይጠበቃል። ፈረሰኛ ሰማዕት ስለ ሆነ በዓሉ የሚደምቀው በፈረስ ጕግሥ ነው። ፈረሶቹ በጌጥ ተሸልመው፣ ፈረሰኞቹ ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ዘንጉን ሲወረውር ሌላው በጋሻው ይመክታል። ሴቶቹ ከዳር ሆነው እልል ይላሉ። ጕግሥ በአዳራሽ ስለማይሆን የጓዳ በር የለበትም፤ ባልና ሚስት በአንድ ጉብታ ላይ ቆመው ስለ አንዱ ፈረስ ሊከራከሩ ይችላሉ።

በውጭው ዓለምም ተመሳሳይ ነገር አለ። በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ በየዓመቱ የሚደረገው ታላቁ የቢራ በዓል የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1810 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምክንያቱም የባቫሪያው አልጋ ወራሽ ሉድቪግና የልዕልት ቴሬዛ ሠርግ ነው። ያን ጊዜ ለሠርጉ የተደረገው የፈረስ እሽቅድምድም ነበር፤ ቢራው በኋላ ገነነ። የእኛ ፈረስ ጕግሥ በጠላ እንዳይተካ እንመኛለን።

ከመዝናኛው ዜማ ሌላ አገሩ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ምንጭም ነው። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው፤ ሁለቱም በደቡብ ጐንደር ናቸው። የአብነት ትምህርት ጥቂት የቀመሰ ሰው፣ ሌሊት በማሕሌት የመቋሚያውንና የጸናጽሉን ድምፅ ሰምቶ በማግስቱ አዝማሪ ቢያዳምጥ፣ የሁለቱ ዝምድና አይሰወረውም። ስለዚህ ለበዓል የሄዱ ባልና ሚስት ማሕሌቱን ትተው በዘፈኑ ብቻ እንዳይወሰኑ እንመክራለን።

በአዲስ አበባ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ይህን ሁሉ በቅርብ ያገኙት የነበረው በካዛንችስ አዝማሪ ቤቶች ነበር። በዚያ ወንዱም ሴቱም በአንድ ዱካ ላይ ተቀምጦ ተቀበል ይል ነበር። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. በፈረሰ ጊዜ አዝማሪዎቹ ተበተኑ።

በደብረ ታቦርም ዘመኑ የተስፋና የሐዘን ሆኖ አልፏል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በ2013 ዓ.ም. በዚያው በቡሄ ወር በነሐሴ ከተማዪቱ በከባድ መሣሪያ ተመትታ ሰላማውያን ሰዎች ሞተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልሉ ግጭት ተነሥቶ መንገዱ ይከፈታል ይዘጋል። ስለዚህ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ከመነሣቱ በፊት የአገሩን ዘመድ ጠይቆ፣ ስለ መንገዱ ተረድቶ ይነሣ፤ ሚስቱንም ይዞ የሚሄድ ከሆነ ጥያቄውን በእጥፍ ያድርገው። የበዓሉ ጊዜ ደርሶ መንገዱ ከተዘጋበት፣ ሙልሙሉና ችቦው በማንኛውም ደጃፍ ይሆናል፤ ለሆያ ሆዬም የአገር ልጆች በየሰፈሩ አይታጡም።

መንገዱ የሰመረለት ደግሞ ከባሕር ዳር በወረታ በኩል ታጥፎ ይወጣል። ነሐሴ 12 ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረስ ይበጃል፤ ችቦው የሚበራው በምሽቱ ነውና። የጉና ነፋስ በክረምት ማታ ቀልድ አያውቅም፤ ለሁለት የሚበቃ አንድ ሰፊ ጋቢ መያዝ አይረሳ።